አንጓች አንገቷን ያዘነበለች ቀን

መርፌ ውስጥ ክር ስታስገቡ የትኛውን ዓይናችሁን ነው የምትጨፍኑት? እኔ ግራዬን ነው። አንዷ ጎረቤቴ ቀኟን ትጨፍናለች፤ ለዚህም ይመስለኛል የቀሚሷ ጠርዝ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚሄደው። እንዲህ አለች ብላችሁ ግን እንዳትነግሯት።

አትሳቁ፣ ነገሩ የዋዛ አይደለም። እስቲ ሁለቱንም ዓይናችሁን ከፍታችሁ ጣታችሁን ወደ አንድ የመብራት ምሰሶ ቀስሩ። አሁን ግራውን ጨፍኑ። ጣታችሁ ምሰሶው ላይ እንዳለ ነው? እሺ፣ አሁን ደግሞ ግራውን ከፍታችሁ ቀኙን ጨፍኑ። ዘለለ አይደል? ጣታችሁ አልተነቃነቀ፣ ምሰሶውም አልሄደ፤ ግን ዘለለ። አንዳንዱ ሰው ላይ ደግሞ ግልባጩ ነው። ብቻ ሁለት ዓይን አለኝ ብለን እንኮራለን እንጂ አንዱ ጌታ ነው፣ አንዱ ሎሌ። ባልና ሚስት በሉት። ማን ጌታ እንደሆነ የሚታወቀው አንደኛው ሲተኛ ነው።

ይህን ትምህርት ቤት አልተማርኩትም። እኔ ትምህርት ቤት የቆየሁት ዝናብ እስኪያባራ ያህል ነው። የተማርኩት ከአንጓች ፑል ቤት ነው። እዚሁ ደብረ ታቦር የእሷና የእኔ አጥር አንድ ነው፤ አጥሩ ቀዳዳ አለው። እኔ አልቀደድኩትም። ካለ ግን ምን ላድርግ?

አንጓች እዚህ አቅራቢያ ያለችው የገሳይ ገበሬ ልጅ ናት። አረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ ከርማ ተመለሰች። ሌሎቹ ሲመለሱ ፀጉር ቤት ይከፍታሉ፣ ቡቲክ ይከፍታሉ። እሷ ያንን የሚያህል አረንጓዴ ጠረጴዛ አስጭና መጣችና ፑል ቤት ከፈተች። ምነው ልጄ፣ ሌላ ሥራ ጠፋ ወይ ብላት፣ «እታለም፣ ወንድ ልጅ ዱላ ይዞ የሚቆምበት ቦታ ካገኘ ቀኑን ሙሉ አይሄድም» አለችኝ። እውነቷን ነው። የሰፈሩ ጎረምሳ በሙሉ እዚያ ነው የሚውለው። ዱላውን ስቲክ ይሉታል እንጂ ዱላ ነው።

ስትጫወት ማየት ነበረባችሁ። ጎንበስ ትልና አንገቷን ወደ ግራ ታዘነብላለች፤ ልክ ዶሮ መሬት ላይ ያለች ጤፍ ስታይ እንደምታደርገው። ቀኝ ዓይኗ ስቲኩ አናት ላይ ቁጭ ይላል። መጀመሪያ ጎረምሶቹ ሳቁባት። ከዚያ ሁሉንም በየተራ አሸነፈቻቸውና ሳቁ ቀረ። እንዲያውም ታስተምራቸው ጀመር። ኳስ የምትስተው እጅህ ስለተንቀጠቀጠ አይደለም፤ ጌታ የሆነውን ዓይንህን ስቲኩ ላይ ስላላመጣኸው ነው፤ ዓይንህ በጎን ከቆመ ጠማማው ቀጥ ያለ ይመስልሃል ትላቸዋለች። ስንቱ ሰው ከነትዳሩ በዚህ ምክንያት ነው የተበላሸው አልኩ በልቤ።

አንገቷ ለምን እንደሚዘነብል ግን ከእኔ በቀር ያወቀ አልነበረም። አንድ ቀን ሻይ ስትቀዳልኝ ከብርጭቆው አልፋ ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰችው። ሌላ ቀን በግራዋ በኩል ሰላም ብላት ዘጋችኝ። በቀኟ ዞሬ ስመጣ «እንዴት አደርሽ እታለም!» ብላ ተጠመጠመችብኝ። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል። ይዤ ጠየቅኳት። ግራ ዓይኗ አያይም። ስታጥብ በረኪና ፈንጥቆባት ነው፣ እዚያው አረብ አገር። ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ ውስጡ ጭጋግ ነው።

እግሬ ላይ ወድቃ አባቴ እንዳይሰማ አለችኝ። የሸኟት የእርሻ በሬያቸውን ሸጠው ነዋ። በሬዬን ሸጬ ለልጄ ዕውርነት ገዛሁላት ብለው ይሞታሉ አለች። ከተመለሰች ጀምሮ አገሯ ያልሄደችውም ለዚሁ ነው። እናት አባት ቤት ሆነው ዓይን መደበቅ ይቻላል እንዴ?

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ከዚያ እመለሳለሁ። ሐሙሲት ገበያ አንድ ዓይና የሆነች ቅቤ ነጋዴ ነበረች። ገዢው ሁሉ በማታይበት በኩል መጥቶ ቅቤዋን ቆንጠር ሊያደርግ ይሞክራል። ዞር ሳትል ነበር እጁን በጥፊ የምትለው። እንዴት አወቅሽ ሲሏት፣ ሌባ ትንፋሹን ይይዛል፣ ገዢ ግን ይተነፍሳል አለች። አንድ ዓይን የጎደለው ሰው ብዙ ዘዴ ያበጃል ለማለት ነው። አባቱን የሚያታልልበትስ ያበጃል ወይ? እሱን ነው ነጋዴዋ ያልነገረችኝ።

አባቷ አያ ሞላ ወሬ ሰሙ። የሞላ ልጅ ወንድ የሚውልበት ቤት ከፈተች ተባለ። ወሬ መንገድ ሲሄድ ይወፍራል፤ ገሳይ ሲደርስ ወንድ የሚያድርበት ሆኗል። እኔ አይደለሁም። የእኔ ወሬ ከታች ሰፈር አልፎ አያውቅም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አያ ሞላ ሽማግሌ ይዘው መጡ። የሽማግሌዎቹ አለቃ መሪጌታ ናቸው፤ ሲናገሩ ግማሹ ግዕዝ ነው። ዝናብ ስለነበር ዛፍ ሥር አልተቀመጡም፣ እዚያው ፑል ቤት ገቡ። መቀመጫ አጠረና የእኔን አግዳሚ ወስጄ ሰጠኋቸው። አግዳሚ ያዋሰ ሰው ውጣ አይባልም። ዳር ይዤ ቆምኩ።

አያ ሞላ ነገራቸው አጭር ነበር። ቤቱ ይዘጋ፣ ልጄ ዛሬውኑ አገሯ ትግባ። አንጓች መሬት መሬት እያየች አልሄድም አለች። ለምን ቢሏት ዝም። መሪጌታ በቀስታ ቢጠይቋትም ያንኑ አልሄድም ደገመች። ምን ትበል? ብትሄድ ዓይኗ ይታወቃል፤ ለምን እንደማትሄድ ብትናገርም ያው ነው። እኔ ከንፈሬን ነክሼ ቆሜያለሁ። እኔን የምታውቁ ምን ያህል እንደከበደኝ ይገባችኋል።

አያ ሞላ ብድግ አሉ። ነጠላቸውን አወረዱ። «እንግዲያውስ የወለድኩሽ አባትሽ...» ብለው ጀመሩ። ቤቱ ቀዘቀዘ። በእኛ አገር የአባት ርግማን የሚቀለድበት አይደለም፤ ከወረደ ልጅ ልጅ ድረስ ነው። መሪጌታ ዘለው ክንዳቸውን ያዙ።

ስማቸው የሚባል ባጃጅ ነጂ አለ፣ አፉ የማያርፍ። ሌሎቹ ጎረምሶች ውጡ ተብለው በሩ ላይ ተጠልለው ሲያዩ፣ ውስጥ የቀረው እሱ ብቻ ነበር። ነገር ለማብረድ ብሎ፣ አያ ሞላ፣ እሷን ከዚህ ቤት ለማስወጣት መጀመሪያ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ማሸነፍ ነው፣ እኛም አቅቶን ነው አላቸው።

«ይህን ድንጋይ?» አሉ አያ ሞላ። «እኔ ዳገት ላይ የቆመ ዝንጀሮ ከማሳዬ የምመልስ ተኳሽ፣ ይህ አቅቶኝ?»

መሪጌታ ይህችን ይዘው አለቀቁም። ርግማን ከሚወርድ ኳስ ይውረድ ነው ነገሩ። እዚያው ዳኙ። ጥቁሯ ኳስ ማዶ ካለው የማዕዘን ቀዳዳ ፊት ለፊት ትቀመጥ፣ ነጯ እዚህ ጫፍ። በተራ ይመታል፣ ከተሳተ ኳሶቹ ቦታቸው ይመለሳሉ። ቀድመው አያ ሞላ ካስገቡ ቤቱ ተዘግቶ ልጅቱ ትሄዳለች። ቀድማ አንጓች ካስገባች ትቀራለች፣ ርግማንም የለም። ሁለቱንም አስማሉ።

በዕድሜ አያ ሞላ ቀደሙ። ስቲኩን ተቀበሉ፣ ጎንበስ አሉ፣ ግራ ዓይናቸውን ጥርቅም አደረጉ። ጠብመንጃ ነው የመሰላቸው። ጠብመንጃ እኮ ወደ ዓይን ከፍ ይላል፣ ጉንጭ ላይ ይለጠፋል። ስቲክ ግን ከጠረጴዛው አይነሳም፤ ዓይን ነው ወደ እሱ የሚወርደው። አያ ሞላ ስቲኩን አገጫቸው ሥር አድርገው በቀኝ ዓይን ከጎን ያያሉ። መቱ። ጥቁሯ ከቀዳዳው አጠገብ ጠርዙን ገጭታ ተመለሰች።

ጎረምሶቹ ተነፈሱ። አለቀ፣ አንጓች ይህችን ተኝታም አትስታት።

አንጓች ጎንበስ አለች። አንገቷን ግን አላዘነበለችም። ቀጥ አድርጋ፣ እንደ ሰው ሁሉ፣ ስቲኩን አገጯ ሥር አድርጋ መታች። ሳተች። አባቷ በሳቱበት በዚያው ወገን።

ስማቸው «ምን ነካሽ አንቺ?» አላት። ምን እንደነካት የማውቀው እኔ ነኝ። አንገቷን ብታዘነብል አባቷ ከፊት ለፊት ቆመው ያዩዋታል። ተኳሽ ናቸው፤ ዓይንና ዒላማ እንዴት እንደሚገጥም ለእሳቸው አይነገርም። ቀና ካለች ቤቷን ታጣለች፣ ካዘነበለች ሚስጥሯን። እናንተ ብትሆኑ ወደ የቱ ታዘነብላላችሁ?

አያ ሞላ ሁለተኛ ቀረቡ። አሁን አልቸኮሉም። ዝቅ አሉ፣ ይበልጥ ዝቅ አሉ፣ ጉንጫቸው እንጨቱን ሊነካ ደረሰ። እናንተዬ፣ ገባቸው! ከአንድ ስህተት ተማሩ። መቱ። ጥቁሯ ቀስ ብላ ሄደች፣ ቀዳዳው አፍ ላይ ደረሰች፣ አንዱን ከንፈር ነካች፣ ሌላውን ነካች፣ እዚያው ቆመች። ዝንብ ብታርፍባት ትወድቃለች። ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን ጠበቅን። መሪጌታ በውስጣቸው ምን እንደደገሙ እግዜር ይወቅ። አልወደቀችም።

ኳሶቹ ቦታቸው ተመለሱ። ሦስተኛውን አያ ሞላ እንደማይስቱት እኔም አውቃለሁ፣ አንጓችም ታውቃለች።

የስቲኩን ጫፍ ጠመኔ ቀባች። ቀባች፣ ቀባች፣ ማብቂያ አጣች። አባቷን አየቻቸው። ከዚያ ጎንበስ አለችና አንገቷን ወደ ግራ ጣለችው። ቀኝ ዓይኗ ስቲኩ ላይ አረፈ። መታች። ጥቁሯ ጠርዝ ሳትነካ ገባች፤ ውስጥ ለውስጥ ስትንከባለል እንኳ ተሰማን።

ጎረምሶቹ ሊጮሁ አፋቸውን ከፍተው ተዉት። አያ ሞላ ኳሱን አላዩትማ። የሚያዩት እሷን ነው። በግራዋ በኩል ዞረው መጡ፣ እጃቸውን ዓይኗ አጠገብ አንስተው አወዛወዙ። ዓይኗ አልተርገበገበም።

«መቼ ነው?» አሉ።

«በሄድኩ በዓመቱ፣ አባዬ። በረኪና ነው።»

«እስከ ዛሬ?»

«በሬው...» ብላ ጀመረች፣ አልጨረሰችውም።

«በሬ ማን አነሳ?» አሉ አያ ሞላ። ከዚያ አግዳሚዬ ላይ ቁጭ ብለው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት።  ስማቸው እንኳ ቆቡን አወለቀ።

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠርገው ፍርዱን ተናገሩ። አንጓች አሸንፋለች፣ ወደ አባቷ አገር አትሄድም፣ ርግማን የለም፣ ተማምላችኋልና ይጽና። አያ ሞላ ይጽና አሉ። ተሳስመው ተለያዩ።

ከዚያ በመጣው ቅዳሜ ጠዋት አያ ሞላ ከመኪና ወረዱ። ጋቢ፣ ምርኩዝ፣ አንድ ኩንታል ገብስ ይዘዋል። ማሳውን ለወንድ ልጃቸው ሰጥተውታል። ፑል ቤቱ ገብተው ከአንጓች በስተግራ በርጩማ አስቀምጠው ቁጭ አሉ። በዚህ ወገን ሰው ያስፈልግሻል፣ በዚያኛው ራስሽ ታያለሽ አሏት። ይኸው እስከ ዛሬ እዚያው ናቸው። ጎረምሶቹ ሲገቡ ቆባቸውን ያወልቃሉ። የሚሳደብ የለም፣ የሚያጨስ የለም፤ ኳስ የሳተ ይቅርታ ይጠይቃል። ስማቸው አንዴ አፉ አምልጦት ምርኩዙን ቀምሷል። የመሪጌታ ተማሪዎች ሳይቀሩ መጥተው ይጫወታሉ።

ባለፈው አንጓች በአጥሩ ቀዳዳ ጠራችኝ። እታለም፣ ያሸነፍኩት እኔ አይደለሁም ወይ? ቤቴ እኮ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፣ እባክሽ ሽማግሌዎቹን አንዴ መልሺልኝ አለችኝ። አሳዘነችኝ፣ ሄጄ ለመሪጌታ ነገርኩ። ጢማቸውን እየዳበሱ አሰቡ፣ አሰቡና፣ የፈረድነው ልጅቱ ወደ አባቷ አትሂድ ብለን ነው፣ አባት ወደ ልጁ አይምጣ ያለ ሽማግሌ አልነበረም አሉኝ።