የላሜራ አጥንት ያለው ግድግዳ

ግድግዳ ሲባል ድንጋይና ጭቃ ብቻ የሚመስለን ሰዎች ነበርን። የጎንደር ሰው ቤት ሲሠራ ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለልጅ ልጁ ኩርፊያ ጭምር እንዲበቃ አድርጎ ነው፤ ያን በሚያህል ወፍራም ግንብ ውስጥ ባልና ሚስት ቢጨቃጨቁ፣ ቢታረቁ፣ እንደገና ቢኳረፉ ጎረቤት አይሰማም። ጉም ወርዶ ከተማውን ሲሸፍነው ደግሞ ያ ሁሉ ድንጋይ የሚንሳፈፍ ይመስላል፤ ቆም ብላችሁ ካያችሁት እናንተም አብራችሁ ትንሳፈፋላችሁ። እንዲህ ባለ ከተማ ነው ጣሊያን ባዶ ግድግዳ ይዞ የመጣው።

ባዶ ስል ባዶ ነው። ስስ ላሜራ ሁለት ጠርዙን ያጥፉና እንደ ገንዳ ያጎደጉዱታል፤ አንዱን ከወለሉ፣ አንዱን ከጣሪያው አስረው መሐሉ ላይ ቋሚዎቹን ይደረድራሉ። ያ አጥንቱ ነው። ከግራና ከቀኝ ኮምፔንሳቶ የሚሉትን ስስ የእንጨት ገበታ ያለብሱታል፤ ያ ቆዳው ነው። ሆዱ ውስጥ ያለው አየር ብቻ። ኮርኒሱም ያው ነው፤ ግድግዳ ጋደም ብሎ ማለት ነው። እኔ ታዲያ ያን አጥንት ከሚያቆሙት ሠራተኞች አንዱ ነበርኩ። ላሜራውን በትከሻዬ ተሸክሜ በጉሙ ውስጥ ስሄድ ከቅለቱ የተነሣ በሕልሜ የምሠራ ይመስለኝ ነበር።

ባለቤቴ አንጓች ግን ሕልም አልመሰላትም። ወንድሟ ዋሴ ጣሊያንን ሊዋጋ ዱር ገብቷል፤ ከድብ ባሕር ማዶ፣ ወደ ስሜን። እኔ ለዚያው ጣሊያን ቢሮ አቆማለሁ። ሥራውን ተው አለችኝ። ምን ልንበላ ነው አልኳት። ይህችን ጥያቄ ጠይቃችሁ ከሚስታችሁ መልስ ያገኛችሁ ባሎች ካላችሁ አላውቅም፤ እኔ ያገኘሁት «አንቱ» መባልን ነው። አክብሮት እንዳይመስላችሁ። በረዶ ነው።

የሰፈራችን ሽማግሌ አያ ተሰማ ሊያስታርቁን ሞክረው ሲያቅታቸው፣ ልባችሁ እስኪበርድ ቤቱን መሐል ለመሐል ክፈሉት አሉን። እሷ የጓሮውን በር ወሰደች፣ እኔ የደጁን። በድንጋይ እንዳልከፍለው ክረምት ገብቷል። ሥራውን የሚመራው ካቦ ተቆርጦ የተረፈ ላሜራና ኮምፔንሳቶ ውሰድ ስላለኝ ከቁርስ እስከ ምሳ ባለው ጊዜ አቆምኩት። አንጓች ዳር ሆና ስታይ ቆየችና ሸጋ ነው አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለአያ ተሰማ።

የተለያየን መሰለን። ለካ መተዋወቃችን ነበር።

ዝናቡ ጋብ ሲል መጀመሪያ እንዝርቷ ይሰማኝ ጀመር፤ ቀጥሎ ትንፋሿ፣ ቀጥሎ ለራሷ የምታወራው። ዋሴ በልቶ ይሆን፣ በርዶት ይሆን፣ አምላኬ አንተ ጠብቀው። ያን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር ፍርሃት የማታውቅ ሴት ትመስለኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጀርባዬን ለኮምፔንሳቶው ሰጥቼ ዓይኔን ስከድን፣ ከወዲያም ጀርባዋን የሰጠች ይመስለኛል፤ በመሐላችን ያለው አየር እንደ አንድ ጋቢ የሚያሞቀን ይመስለኛል። እሷም እንደምትሰማኝ ያወቅሁት ከት ብላ ስትስቅ ነው። ለካ እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኝ በጣሊያንኛ ላሜራ አቀብሉኝ እላለሁ።

አንድ እሑድ ግን ከወዲያ በኩል የወንድ ሳል መጣ።

መጀመሪያ ያሰብኩትን እናንተም አስባችሁታልና አልነግራችሁም። ሳሉ ሲደገም ግን አወቅሁት፤ ዋሴ ነው። ብርድ ደረቱን መትቶት፣ በጉም ተሸፍኖ በጓሮ በር እህቱ ጋ ገብቷል። ያ ባዶ ግድግዳ ሳሉን እንደ ከበሮ ተቀብሎ ወደ እኔ ያመጣዋል፤ ከእኔም በደጁ በር ወደ መንገድ ይወጣል። መንገዱ ላይ ለጣሊያን ወሬ የሚያቀብል ጎረቤት አለን። ዋሴ ከተያዘ ይሰቀላል፤ አንጓችም አትተርፍም።

እንዝርቷ ቆመ። መስማቴን አውቃለች። የማደርገውን እየጠበቀች ነው።

አትፍሪ ብላት ማን ያምነኛል? ተነሣሁና ደጄ ላይ ቆሜ ሳልኩ።

ጎንበስ ብዬ፣ ጉልበቴን ይዤ፣ እንባዬ እስኪመጣ ሳልኩ። ያ ጎረቤት ሲያልፍ «ምነው፣ ምን ነካህ?» አለኝ። ብርድ ነው አልኩት። ወሬው እንዲጸና በማግሥቱ ሥራ ቦታም ሳልኩ፤ መሰላል ላይ ሆኜ ስስል ያ ስስ ኮርኒስ አብሮኝ ይንዘፈዘፋል። ካቦው የሳንባ በሽታ ነው ብሎ ፈራና ሁለተኛ እንዳትመጣ አለኝ። እንጀራዬ እንዲህ ቀረ። ቤት ውዬ ለመሳል ግን ተመቸኝ። ዋሴ ሲስል እከተለዋለሁ፤ አንዳንዴም እቀድመዋለሁ። አያ ተሰማ አዝነው ጠበል ይዘውልኝ መጡ፤ ጠጣሁና ሳልኩ።

ዋሴ አገግሞ እንደ አመጣጡ በጉም ውስጥ ሄደ። ዕለቱን ሁሉ ከወዲያ ምንም አልተሰማም። ወደ ማታ ኮምፔንሳቶው ቀስ ብሎ ተንኳኳ።

«ሳልህ ተሻለህ?» አለች አንጓች።

«አንቱ» የለም። ተሻለኝ አልኳት።

«እንግዲያው ሥራ ከፈታህ በር አውጣለት።»

የእንዲህ ያለ ግድግዳ ደግነቱ አለማስቸገሩ ነው። አንድ ቋሚ ላሜራ ነቅዬ ኮምፔንሳቶውን ስቆርጥ ማዶ ቆማ ነበር፤ ዱቄቱ ፊቷ ላይ በኗል። ጨርሼ ላፍርሰው ወይ አልኳት። አይሆንም፣ ፊት ለፊት የማይነገር ነገር ሲኖረን ይጠቅመናል አለች። እውነቷን ነው፤ ብዙ ጠቅሞናል።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ዋሴ አዲ አርቃይ ሚስት አግብቶ ንብ ማነብ ጀመረ። በየዓመቱ አንድ እንስራ ማር ይልክልኛል። ያን ጊዜ ከግድግዳው ወዲህ ስስል ሲሰማ፣ በሽታው ከእሱ የተጋባብኝ መስሎት እስከ ዛሬ ይጸጸታል። እውነቱን እንንገረው ብላት አንጓች አሻፈረኝ አለች። ልጆቹን አስከትሎ ሊጠይቀኝ ሲመጣ፣ ገና ከሩቅ የበቅሎው ኮቴ ሲሰማ፣ ጋቢውን ትከሻዬ ላይ ጣል ታደርግና በክርኗ ነካ ታደርገኛለች።

«በል እንጂ፣» ትለኛለች፣ «ሳል።»