ኩባ ወይስ ቡልጋሪያ

“ምረጥ” የሚለው ቃል ደስ የሚለው ለለመደው ሰው ነው። እኛ በዚያ ዘመን አልለመድነውም ነበር። የምንለብሰው ቀበሌ ሱቅ የመጣውን ጨርቅ ነው፤ ሰማያዊ ከመጣ ከተማው በሙሉ ሰማያዊ ይሆናል፣ ቡኒ ከመጣም ቡኒ። ስብሰባ ሲጠሩን እንሄዳለን፣ አጨብጭቡ ሲሉን እናጨበጭባለን፣ የሥራ ቦታ ሲቀይሩን ፍራሻችንን ጠቅልለን እንነሳለን። እውነቱን ልንገራችሁና፣ አለመምረጥ የራሱ ምቾት አለው፤ ነገር ሲበላሽ የሚወቀሰው ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ድንገት ተነስቶ “ከሁለቱ አንዱን ምረጥ” የሚል አለቃ ቢያጋጥማችሁ፣ መጀመሪያ የምትፈልጉት ወንበር ነው።

እኔን ያጋጠመኝ ደብረ ታቦር ነው። በአውራጃው ግብርና ጽሕፈት ቤት የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ፤ በአጭሩ ከብት የሚከትብ ሰው። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ትዳር አልያዝኩም፣ ከሁሉ የራቀው ጉዞዬ አዲስ አበባ ነው፤ እሱንም ለአሥር ቀን ኮርስ። አንድ ሰኞ ጠዋት ኃላፊያችን ጓድ ወርቁ ቢሮው አስጠራኝና አንድ ደብዳቤ አነበበልኝ። ለጽሕፈት ቤታችን ሁለት የሦስት ወር ሥልጠና ተሰጥቷል። አንዱ ኩባ ነው፣ የከብት እርባታ። ሌላው ቡልጋሪያ ነው፣ የበግና የወተት ልማት። የሚሄዱት እኔና የወተት ልማት ሠራተኛዋ እትዬ ጥሩወርቅ ነን።

“በአገልግሎት የምትበልጠው አንተ ስለሆንክ ምርጫው ያንተ ነው” አለኝ። “የቀረውን እሳቸው ይወስዳሉ። እስከ ዓርብ በጽሑፍ አቅርብ።”

ምን ምርጫ አለው! ከቢሮው ሳልወጣ ልቤ ኩባ ገብቷል።

ባሕር አይቼ አላውቅም ነበር። ኩባ ደግሞ፣ አንድ የጂኦግራፊ አስተማሪ ወዳጄ በካርታ እንዳሳየኝ፣ ዙሪያዋን ባሕር ነው፤ በየትም በኩል ብትወጡ ባሕር ይጠብቃችኋል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እኔ ደብረ ታቦር አልነበርኩም። ማክሰኞ ጉና ሥር ላሞች ስንከትብ ጭጋጉ ከተራራው ወርዶ ሜዳውን ሞላው። እኔ መርፌዬን ይዤ ቆሜ ነጩ ነገር ቀስ እያለ ወደ እግሬ ሲመጣ፣ ሲመለስ፣ ደግሞ ሲመጣ አያለሁ። የገበሬዎቹ ድምፅ ከሩቅ እንደ መርከበኞች ጥሪ ይሰማኛል። ጫማዬን ላወልቅ ምንም አልቀረኝም። “ሐኪም፣ ይችን ላም ሁለቴ ወጓት እኮ!” ባይሉኝ ኖሮ እዚያው እዋኝ ነበር። አልጋዬ ላይ ጋደም ስል ጣሪያው ይከፈትና እጀ ጉርድ ነጭ ሸሚዝ ለብሼ፣ ስሙን በማላውቀው ዛፍ ጥላ ሥር፣ ስሙን የማላውቀው ፍሬ ስበላ እታየኛለሁ። ይህን ሁሉ በልቤ ብይዘው መልካም ነበር። ግን ላገኘሁት ሰው ሁሉ አወራሁት። የጽሕፈት ቤቱ ዘበኛ ሳይቀር ሰላምታውን ትቶ “እንዴት አደርክ ኩባ” ይለኝ ጀመር።

ረቡዕ ከእትዬ ጥሩወርቅ ጋር ለሥራ አንበሳሜ ወረድን። እትዬ ጥሩወርቅ በዕድሜ ይበልጡኛል፣ በቅጥር እቀድማቸዋለሁ። ባላቸው ወታደር ነበሩ፤ ምሥራቅ ግንባር ከሞቱ በኋላ ነው እትዬ ከሐረር ወደ ትውልድ አገራቸው ተመልሰው ሥራ የያዙት። ዝምተኛ ናቸው። ልጅ እንዳላቸውና ትምህርት ላይ እንደሆነ እናውቃለን፤ የት እንደሆነ ግን ማንም ጠይቆ አያውቅም።

ሥራችንን ጨርሰን ከገበያው ዳር አንድ ዋርካ ሥር መኪና ስንጠብቅ፣ ከቦርሳቸው ግራጫ ሹራብ አወጡ። አንድ እጅጌው ገና አላለቀም።

“ደረጀ፣ እስቲ ጀርባህን ስጠኝ” አሉኝ።

“ለምን?”

“ስጠኝ አልኩህ።”

ዞርኩላቸው። ሹራቡን ትከሻዬ ላይ ዘርግተው በስንዝር ለኩ። “አንተ ትሰፋለህ” አሉ። “እሱ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። አባቱም ቀጭን ነበር።”

ማን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ዞሬ ስለነበር ፊታቸውን ሳላይ ነው የነገሩኝ። ልጃቸው አሥር ዓመት ሲሆነው ከሌሎች አባት ከሞተባቸው ልጆች ጋር ለትምህርት ተልኳል። ወደ ኩባ። ስድስት ዓመት ሆነው። መጀመሪያ በየሁለት ወሩ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። ከዚያ በየስድስት ወሩ ሆነ። የመጨረሻው ደብዳቤ ከመጣ ዓመት አልፎታል፤ እሱም ግማሹ እሳቸው በማያነቡት ፊደል የተጻፈ ነው።

“አማርኛው እያለቀበት ነው” አሉ። “ስትደርስ ይህን ትሰጥልኛለህ።”

“እትዬ፣ ኩባ እኮ ሙቅ አገር ነው።”

“አውቃለሁ። ግን ሌላ ምን ልሥራለት?”

“አንቱ ለጓድ ወርቁ ለምን አይነግሩትም?” አልኳቸው።

“ብነግረው፣ ይሄ የመንግሥት ሥራ እንጂ የዘመድ ጥየቃ አይደለም ብሎ ቡልጋሪያውንም ያስቀርብኛል።”

እውነታቸውን ነበር። ሹራቡን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ሂድልኝ፣ ተውልኝ፣ አንድም ቃል አላሉም። ቢሉኝ ኖሮ እንዴት ቀላል በሆነ! የለመነ ሰው ይከለከላል። ያልለመነን ሰው በምን ትከለክሉታላችሁ?

ሐሙስን ከራሴ ጋር ስከራከር ዋልኩ። መልእክቱን አደርሳለሁ አልኩ። ፎቶግራፉን አነሳላቸዋለሁ አልኩ። በእሳቸው ፈንታ አቅፌ እስመዋለሁ አልኩ፤ ይህንን ስል ግን እኔም አፈርኩ። ደግሞስ ባሕሩ? ባሕሩ የትም አይሄድ፣ አለኝ አንዱ ልቤ። አንተም የትም አትሄድ፣ አለኝ ሌላው። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ዓርብ ጠዋት ወረቀቴን ለጓድ ወርቁ ሰጠሁት። አነበበ፣ ገለበጠ፣ ደግሞ አነበበ።

“ቡልጋሪያ? አንተ? ሳምንቱን ሙሉ ኩባ ኩባ ስትል ቢሮውን አላሳረፍከውም እኮ!”

“የቡልጋሪያ ብርድ ከጉና ብርድ ጋር ይመሳሰላል ጓድ። ለበጎቻችን የሚጠቅመው የእነሱ ልምድ ነው” አልኩ። ስለ ቡልጋሪያ በግ ምንም አላውቅም።

ዐይኑን አጠበበ። “ኩባ ወንድም አገር ናት። በምን ጠላሃት?”

በዚያ ዘመን ይህ ዓይነት ጥያቄ እንደ ቀልድ ተጀምሮ ወዴት እንደሚያደርስ አይታወቅም። “አልጠላኋትም ጓድ” አልኩ። “ሁለቱም ወንድሞቻችን ናቸው። በሶሻሊዝም ታላቅየዋን ላስቀድም ብዬ ነው።”

ትክ ብሎ አየኝና ፈረመ። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ አባባሉን እንደራሱ አድርጎ ሲናገረው ሰማሁ። አጨበጨብኩ።

እትዬ ጥሩወርቅ ሲነገራቸው ወጥተው በግቢው ባሕር ዛፎች መካከል ብዙ ቆዩ። ሲመለሱ ዐይናቸው ቀልቷል። በጠረጴዛዬ አጠገብ ሲያልፉ ብቻ “ቡልጋሪያ ይበርዳል አሉ፤ በደንብ ልበስ” አሉኝ። ከዚያ ወዲህም አንድ ቀን አላመሰገኑኝም። እኔም ስለ በጎቹ ከተናገርኩት ንቅንቅ አላልኩም።

እሳቸው በሄዱ በሁለተኛው ሳምንት ከአዲስ አበባ ሌላ ደብዳቤ መጣ። የቡልጋሪያው ሥልጠና ላልተወሰነ ጊዜ ተራዝሟል። ላልተወሰነ ጊዜ ማለት ምን እንደሆነ በዚያ ዘመን የኖረ ያውቀዋል። ይኸው እስከ ዛሬ አልተወሰነም።

እትዬ በሦስት ወራቸው ተመለሱ፤ ብዙም ሳይቆዩ የእንስሳት ክፍል ኃላፊ፣ ማለትም አለቃዬ ሆኑ። ለሰው የሚያወሩት ስለ ላሞቹ ብቻ ነበር፤ ስንት ሊትር እንደሚታለቡ፣ ምን እንደሚበሉ። እኔም አልጠየቅኩም። አንድ ቀን ከሐሙሲት ወዲያ ካለ የገበሬ ማኅበር በእግራችን ቁልቁል ስንወርድ ግን ራሳቸው ጀመሩት።

“መጀመሪያ ቀን ግቢው ሙሉ ልጅ ነው” አሉ። “ሁሉም አንድ ዓይነት ልብስ ለብሷል። እኔ የምፈልገው የአሥር ዓመት ልጅ ፊት ነው፤ ዐይኔ ዞረ። አንድ ረጅም፣ ጺሙ ያጎነቆለ ጎረምሳ መጥቶ ፊቴ ቆመ። ይረዳኛል ብዬ፣ ‘አንተ የማን ልጅ ነህ?’ አልኩት።”

“ምን አለዎት?”

“አማርኛው ጠፍቶበት መሰለኝ፣ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ‘ያንቺ’ አለኝ።”

ሁለታችንም ቆመን ነበር። ማን ቀድሞ እንደቆመ አላስታውስም። እትዬ የነጠላቸውን ጫፍ ዐይናቸው ላይ አሳረፉ፣ መቀነታቸውን አጥብቀው አሰሩ፣ ፊት ፊቴ መውረድ ጀመሩ።

ኩባን ባለማየትህ አይቆጭህም ወይ ትሉኝ ይሆናል። እንዴት አይቆጨኝም! ያን ዕለት ግን፣ ቁልቁለቱ እስኪያልቅ ድረስ፣ አልቆጨኝም።