የነፋስ ወፍጮውና የእህቴ ትከሻ

ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። ይባል እንጂ ካዛንቺስ ላይ ወርቁ ገዢ የለውም። ታክሲ ውስጥ ዝም ብላችሁ ብትቀመጡ አጠገባችሁ ያለው ሰው «ምነው፣ አመመህ እንዴ?» ብሎ ይጨነቅላችኋል። እንዲህ ባለ ሰፈር ሰው የማይናገርበት ፊልም ማሳየት ድፍረት ነው። አንድ አዳራሽ ውስጥ ግን አሳዩት።

በነጻ ነው ሲባል ታላቅ እህቴን አስናቀችን፣ እኔ እቴቴ የምላትን፣ ይዣት ሄድኩ። ባሏን ለረጅም ጊዜ አስታማ ከቀበረች ወዲህ ከቤት መውጣት ጠልታለች። ፊልሙ ስለ አሮጌ የገጠር ነፋስ ወፍጮ ነው፤ ያውም የሰው አገር ወፍጮ። ኮረብታ ላይ ክንፎቹን ዘርግቶ ነፋስ ይጠብቃል። እኛም አብረነው ጠበቅን። ደመና አለፈ። ላም አለፈች።

«ማለቴ፣ ሰው የሚባል አይመጣም?» አለችኝ እቴቴ በጆሮዬ።

ይሄኔ በግራዋ የተቀመጡ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ጭንቅላታቸውን ቀስ ብለው ትከሻዋ ላይ ጣሉት። እንቅልፍ! ልቀሰቅሳቸው እጄን ስዘረጋ እቴቴ እጄን መታችኝ።

«ተዋቸው፤ ደክሟቸው ነው።»

ለቅሶ ቤት እንኳ አርፋ ተቀምጣ የማታውቅ ሴት ንቅንቅ ሳትል ቆየች። ወደ መጨረሻው ሽማግሌው ማንኮራፋት ጀመሩ፤ ብታምኑም ባታምኑም፣ ያን ጊዜ ክንፎቹ መዞር ጀመሩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

መብራት ሲበራ ሽማግሌው ነቅተው በኀፍረት ተሸማቀቁ። «ይቅርታ ልጄ፣ ባለቤቴ ሆስፒታል ተኝታ ወንበር ላይ ነው የማድረው። ዛሬ የእህቷ ልጅ ‹ትንሽ ነፋስ ተቀብለው ይምጡ› ብላ አስወጣችኝ፤ ስዞር እዚህ ገባሁ።»

እቴቴ ያንን ወንበር ታውቀዋለች። «በቃ፣ ነገ እኔ አድራለሁ። እርስዎ ቤትዎ ይተኛሉ።»

«ኧረ አንተዋወቅም እኮ!»

«ትከሻዬ ላይ ተኝተው?»

በማግስቱ ሆስፒታል አደረስኳት። እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው፦ ለታመመች ሚስት «ባልሽ ትናንት እኔ ትከሻ ላይ ተኝቶ ነበር» ተብሎ እንዴት ይነገራል? (ሴትዮዋ ድነው ቤታቸው ገብተዋል፤ አትጨነቁ።) እቴቴ ግን ከነማንኮራፋቱ አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። እኔ ወደ በሩ ተጠጋሁ።

ሴትዮዋ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። የእቴቴን እጅ ሳብ አድርገው ያዙ።

«ለመሆኑ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እንቅልፉን ጠገበ?»