ጀናዛ በጎልፍ ሜዳ

ሰው ሲደላው የማያመጣው ነገር የለም። እስቲ አሁን፣ ኳሷን በገዛ እጁ በዱላ አርቆ መትቶ ሲያበቃ ራሱ ሊፈልጋት የሚሄድ ሰው ጤነኛ ነው ትላላችሁ? እኛ የመካነ ሰላም ሰዎች እንዲህ ያለ ሰው አይተን አናውቅም ነበር፤ ከከተማው ዳር ያለውን የጥንት ባላባት ግቢ ባለሀብቶች ተከራይተው የግል የጎልፍ ክበብ እስኪያደርጉት ድረስ። ሳሩን እንደ ሙሽራ ጸጉር አበጠሩት፤ በሩንም ዘጉት። ይዝጉት! ችግሩ የሙስሊሙ መቃብር ከግቢው ጀርባ ነው፤ መንገዱም በግቢው መሀል ያልፋል። ያ ለጭሰኛው ርኅራኄ የማያውቀው ባላባት እንኳ ለቀብር በሩን ይከፍት ነበር ይባላል።

ባለፈው ክረምት ጎረቤቴ ጋሽ ሰይድ፣ ልብስ ሰፊው፣ አረፉ። የእኔን ሱሪ ስንቴ እንደጣፉት እሳቸውና እኔ ብቻ ነን የምናውቀው። እስላሙም ክርስቲያኑም ጀናዛውን ተሸክመን በሩ ላይ ስንደርስ ካፊያ ጀመረ። በዙሪያው እንዳንሄድ ገደል ነው፤ ጭቃው ቃሬዛ ያስጥላል። ልጅ እግር ሥራ አስኪያጅ ጃንጥላ ይዞ ወጣ።

«ይቅርታ፣ አባል ያልሆነ አይገባም።»

የሟች ታላቅ ወንድም ሸህ ሙሄ ቀና ብለው አዩት። «ልጄ፣ ልንጫወት አልመጣንም። ወንድሜን ሳይመሽ አፈር ላልብሰው ነው» አሉት፤ እንባቸው በጢማቸው ወረደ። ልጁ አንገቱን ደፋ። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እንጀራው ነው።

ይኼኔ ከሳሩ መሀል አንድ ሸምገል ያለ ተጫዋች አየን። ዱላውን ወረወረው። ወረኢሉ ተወልዶ ያደገ ኖሯል፤ በእኛ አገር ደግሞ ጀናዛ ያየ ሰው ትከሻውን ሳይሰጥ አያልፍም። «ክፈት እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ!» ብሎ እየሮጠ መጥቶ ከጎኔ ቃሬዛው ሥር ገባ። ሌሎቹም ተከተሉት። ያ ሁሉ ነጭ ጫማ በጭቃ! ሥራ አስኪያጁም ጃንጥላውን አጥፎ ከኋላ ሲከተለን አየሁት። ጋሽ ሰይድን በወጉ ቀበርናቸው፤ አልዋሽም፣ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ስንመለስ ሸህ ሙሄ ተጫዋቾቹን በሩ ላይ አቁመው ይመርቋቸው ጀመር። እሳቸው ምርቃት ላይ አይሰስቱም፤ ልባቸው ሲነካማ ይብስባቸዋል።

«ዕድሜ ይስጣችሁ! ክፉ አይንካችሁ! አላህ ግቢያችሁን ያስፋላችሁ!»

እኛም እጃችንን ዘርግተን፣ ከልባችን፣ ባንድ ድምፅ «አሚን!» አልን።

ካልን በኋላ ነው እርስ በርስ የተያየነው። ከአጥሩ ቀጥሎ ያለው የእኔ ጓሮ ነው። የሸህ ሙሄ ዱዓ ደግሞ ጠብ ብላ አታውቅም።