ባለ ሦስት ፊርማው ሽንኩርት

ታላላቅ የአስተዳደር ማሻሻያዎች ብዙውን ጊዜ በአዋጅ ይጀመራሉ። የእህቴ ቤት ማሻሻያ ግን የተጀመረው በአንድ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርቱ መካከለኛ ነበር፤ ልጣጩ በአንድ በኩል ሸሸት ከማለቱ በቀር ነውር አልነበረበትም። ይህን አፌን ሞልቼ የምናገረው የሽንኩርቱን መግለጫ በገዛ እጄ የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ነው።

የምኖረው በታናሽ እህቴ ቤት፣ በኋለኛው ክፍል ነው። ሥራዬ መጽሐፍ መጠረዝ ነው። የእጅ ጽሑፌ ስለሚነበብና ብዙ ስለማልናገር በዚያ ቤት ለሹመት እንደምታጭ ቀድሞ ሊገባኝ ይገባ ነበር።

እህቴ ያለ ምንም ሥልጠና አሥራ ሁለት ዓመት ኩሽናውን ስታስተዳድር ኖራለች። በዘመናዊ ዓይን ሲታይ አሠራሯ ያሳፍራል። የወሩ የአስቤዛ ገንዘብ እጇ ሲገባ በአራት ፖስታ ትከፍለዋለች፤ በየሳምንቱ አንዱን ትከፍታለች፤ በቃ። ገበያ የምትወጣው ነጋዴዎቹ ዕቃቸውን ሊሰበስቡ ሲሉ ነው። የትናንት ሩዝ ዛሬ ከጎመን ጋር ይጠበሳል። የደረቀ ዳቦ በእንቁላል ተለውሶ ቁርስ ይሆናል። ምስሩ ተነክሮ ስለሚያድር እሳት ላይ ብዙ አይቆይም። ይህ ሁሉ የሚሆነው ያለ አንድ ቅጽ ነው! በልተን እንጠግባለን፤ ወሩ ሲያልቅ ደግሞ ከአራተኛው ፖስታ ጥቂት ይተርፋል። እንዴት እንደሚተርፍ የሚያስረዳ አንድም ሰነድ የለም።

የሚተርፈው የሚጠራቀመው ለአንድ ጉዳይ ነበር። የአሥር ዓመት ልጇ ሰሌዳ አይታያትም። ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ እንኳ የምትገለብጠው አጠገቧ ካለችው ልጅ ደብተር ነው፤ ልጅቷ ስትሳሳት አብራ ትሳሳታለች። መነጽር ሠሪው፣ «እስከዚህ ወር መጨረሻ በዚህ ዋጋ እይዝላችኋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ይጨምራል፤ እንዳታዝኑብኝ» ብሏል። የሁለት ወር ትርፍ በቆርቆሮ ተቀምጧል። የጎደለው የአንድ ወር ብቻ ነበር።

በዚህ መሐል የእህቴ ባል ሠለጠነ።

የመጋዘን ኃላፊ ነው። ወገቡ ላይ ስለሚያንጠለጥለው የቁልፍ ዘለላ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «ቁልፌ» ይሉታል፤ እሱም እንደ ማዕረግ ተቀብሎታል። ደግ ሰው ነው። ይህን አሁኑኑ መናገሬ፣ ወደ በኋላ ለማንሳት ቦታ ላላገኝ ስለምችል ነው። «የወጪ ቁጠባና የሀብት አጠቃቀም» በሚል ርዕስ ሁለት ቀን ሠልጥኖ የምስክር ወረቀት ይዞ መጣ። ወረቀቱን በመስታወት አስገጥሞ ከምድጃው በላይ፣ የሰው እጅ በማይደርስበት ከፍታ ሰቀለው። ከታች ሆነን ስናየው ወርቃማው ማኅተምና የእሱ ስም ያበራሉ። ከማኅተሙ ሥር ያለችው ደቃቅ መስመር የጉንዳን ሰልፍ ትመስላለች።

በዚያው ምሽት ሦስታችንን ሰብስቦ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ክቡራን የቤተሰባችን አባላት! እስከ ዛሬ ስንበላ የኖርነው በዘልማድ ነው።»

«እየጠገብን ግን» አለች እህቴ።

«በዘልማድ የመጣ ጥጋብ ዘላቂነት የለውም። ከዛሬ ጀምሮ በጀቱን የምመራው እኔ ነኝ። በዚህ ወር ከሚተርፈው የልጃችን መነጽር ይገዛል፤ መያዣ ቦርሳውም ጭምር!»

«አባዬ፣ ሙች በለኝ» አለች ልጅቱ።

«በዕቅድ ተይዟል፣ የኔ እናት። ዕቅድ ካለ መሐላ አያስፈልግም።»

እህቴ አራቱን ፖስታ አስረከበች። ቆርቆሮዋን አላስረከበችም፤ ስለ ቆርቆሮ የጠየቃት የለም።

በማግስቱ ቁም ሳጥኑ ተቆለፈ። ከእንግዲህ ማንኛውም የምግብ ግብዓት በጽሑፍ ተጠይቆ በሦስት ፊርማ ይወጣል፦ ጠያቂ እህቴ፣ መርማሪ እኔ፣ ፈቃጅ ቁልፌ። የቃለ ጉባኤ ጸሐፊነቱም ተደርቦ ተሰጠኝ።

«ወንድምዓለም፣ አንተም እሺ ትለዋለህ?» አለችኝ እህቴ ወደ ጓዳ ስባ።

«ሰላም ይሻላል» አልኳት።

«ሰላም ይበላል?»

 ወደ መዝገቤ ተመለስኩ።

የመጀመሪያው ጥያቄ የቀረበው በዚያው ቀን ነው። ቁልፌ ወረቀቱን በክንዱ ርዝመት ይዞ አነበበ።

«‹አንድ ሽንኩርት› ይላል። ምን ዓይነት አንድ?»

«ክብ።»

«ትልቅ ነው፣ መካከለኛ ነው፣ ትንሽ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ዘይቱ ተቃጠለብኝ እኮ!»

ቁልፌ ብዕሩን አስቀመጠ። «ዘይቱ በማን ፈቃድ ወጣ?»

ሽንኩርቱ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ተለቀቀ። ዘይቱ በዚያን ጊዜ ጥቁር ሆኖ ነበር፤ ነገር ግን ሰነዱ የተሟላ ስለነበር እንደ ስኬት ተመዘገበ።

ቀጥሎ የቲማቲም ጉዳይ መጣ። ሁለት ኪሎ ቲማቲም ቁም ሳጥኑ ውስጥ ይለሰልስ ጀመር። እህቴ ከሽታው አወቀች።

«ስጠኝና ዛሬውኑ ልቀቅለው። ስልስ ሆኖ ለሳምንት ይበቃናል።»

«የተበላሸ ንብረት ያለ አስወጋጅ ኮሚቴ አይነካም።»

«አልተበላሸም እኮ ነው የምልህ!»

«ካልተበላሸ ደግሞ የዚህ ሳምንት ድርሻ ወጥቷል፤ አይወጣም።»

ቲማቲሙ ሐሳቡን እስኪወስን ጠበቅነው። በአምስተኛው ቀን ወሰነ። ያን ጊዜ ቁልፌ አስወጋጅ ኮሚቴ አቋቋመ፤ እሱ ሰብሳቢ፣ እህቴና እኔ አባላት። ደንቡን እሱ እየነገረኝ እኔ ጻፍኩ፦ «አገልግሎት መስጠት የማይችል ማናቸውም ንብረት በኮሚቴው አብላጫ ድምፅ ይወገዳል። ጉድለት ከተገኘ ኃላፊው ከኪሱ ይሞላል። የኮሚቴው ውሳኔ የመጨረሻ ነው።» ሲያልቅ ደጋግሞ አስነበበኝ፤ በጣም ወደደው። እኔም ከጻፍኳቸው ሁሉ ያማረ ነው ብዬ አሰመርኩበት። ቲማቲሙ በሙሉ ድምፅ ተጣለ።

ቁጠባው እያማረ ሄደ። ሾርባው ከሳምንት ሳምንት ጠራ። በሦስተኛው ሳምንት የሳህኑ አበባ ከሥር ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። እኔ እንደ ልማዴ ከማዕዱ በፊት ፈጣሪን አመሰግናለሁ፤ ጸሎቴ ከምግቡ እየረዘመ መምጣቱን ያስተዋለ ሰው ግን አልነበረም።

«አባዬ» አለች ልጅቱ አንድ ቀን ማንኪያዋን አንስታ፣ «ሾርባው ውስጥ ምንም አይታየኝም።»

«ያ እንኳ የዓይንሽ ነገር ነው፣ የኔ እናት። ትንሽ ታገሺ፤ መነጽሩ ደርሷል።»

ልጅቱ ወደ እኔ ዞረች። «አጎቴ፣ አንተስ?»

የእኔ ዓይን ደህና ነው። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ምንም አልነበረም።

«መዝግበው» አለኝ ቁልፌ፣ «ድንች አንድ፣ ተቆርጦ የገባ።»

መዘገብኩት። ድንቹን በእምነት ነው የተቀበልኩት።

ሃያ ዘጠነኛው ቀን ላይ ሪፖርት ቀረበ። እውነት ለመናገር ተርፎ ነበር፤ ያውም ለመነጽሩ ከጎደለው ይበልጣል። የእኔ ቀበቶ ሁለት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ እህቴ ጉንጯ ከስቷል፣ ገንዘቡ ግን ጠረጴዛው ላይ ነበር። ልጅቱ አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። እህቴ እንኳ ወር ሙሉ ያልወጣትን ቃል አወጣች፦ «አበጀህ።» ቁልፌ ቀና ብሎ የምስክር ወረቀቱን አየ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ነገ ከሰዓት በኋላ መነጽር ሠሪው ዘንድ ልንሄድ ተነጋግረን ተለያየን።

በነጋታው ጠዋት ቁልፌ ሻዩን እየጠጣ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሠላሳ ነው! ዛሬ በጀት ይዘጋል!»

ገንዘቡን ከመሳቢያው አፍሶ ወጣ። ጫማውን ያሰረው መንገድ ላይ ነው።

እኩለ ቀን ሲሆን በር ተንኳኳ። ደጅ ላይ አንድ ጋሪ ገፊ ላቡን ይጠርጋል፤ ከኋላው ቁልፌ ቆሟል፤ ጋሪው ላይ ድስት አለ። ድስት ስል አንባቢ የለመደውን እንዳያስብ። ስልሳ ሰው የሚያበላ፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው፣ ልጅቱ ብትገባበት ክዳኑ ከነመነጽሯ የሚዘጋባት ድስት ነበር፤ መነጽር ቢኖራት። በኩሽናው በር አልገባ አለ። በቁመት ሞከርን፣ በጎን ሞከርን፣ በመጨረሻ ሳሎን መሐል ተቀመጠ።

እህቴ ድስቱን ዞራ አየችው። ከዚያ በጣም በቀስታ፣ «የመነጽሩ ገንዘብስ?» አለች።

«አስረዳለሁ። እስከ ሠላሳ ያልተሠራበት በጀት በሚቀጥለው ወር ይቀነሳል። ደንብ ነው።»

«ማን ነው የሚቀንሰው?»

«በጀቱን የሚፈቅደው አካል።»

«የሚፈቅደው ማን ነው?»

«እኔ።»

«ታዲያ ካልቀነስከው ማን ይቀንሰዋል?»

«ደንቡን ጥሼ ልኑር ነው የምትይኝ?»

«እሺ፣ መነጽሩን አትገዛበትም ነበር? እሱም ወጪ ነው!»

«የአስቤዛ በጀት ለመነጽር እንዴት ይውላል? ርዕሱ ሌላ ነው። መነጽሩ የሚገዛው ከትርፍ ነው። ዛሬ ደግሞ፣ ምስጋና ለፈጣኑ እርምጃችን ይሁንና፣ ትርፍ የለም።»

ልጅቱ ድስቱን በእጇ ዳሰሰችው። ከሩቅ ምን እንደሆነ አልለየችውም ነበር። ሲገባት አላለቀሰችም፤ «ግድ የለም አባዬ፣ ከጓደኛዬ እገለብጣለሁ» አለች። ይህን ስትል ቁልፌ የቁልፍ ዘለላውን ይነካካ ጀመር።

በዚያች ቅጽበት እማማ ጭልፋ ገቡ። ከማዶ ለሚሠራው ሕንፃ ግንበኞች ምሳ የሚያበስሉ ሴትዮ ናቸው፤ ስሙን ያወጡላቸው ግንበኞቹ ናቸው። ድስቱ በመንደሩ ሲያልፍ አይተው ከኋላው መጥተዋል።

«ልጆቼ፣ ድግስ አላችሁ ወይስ አብዳችኋል?» አሉ ድስቱን በጣታቸው እያንኳኩ። «እኔ በሦስት ድስት ሳገላብጥ ወገቤ ተቆረጠ። ሽጡልኝ።»

«የማይቻል ነው» አለ ቁልፌ። «ንብረቱ ገቢ ሆኗል። ገቢ የሆነ ንብረት ደግሞ ያለ አስወጋጅ...»

ቆመ። እህቴ ፈገግ አለች።

«ያለ ምን?» አለችው። «ጨርሰው እንጂ ክቡር ሰብሳቢ።»

መዝገቡን አመጣሁ፣ ደንቡን ጮክ ብዬ አነበብኩ። ያሰመርኩበት ስለሆነ ለማግኘት አልተቸገርኩም።

«ድስቱ አገልግሎት ይሰጣል!» አለ ቁልፌ።

«በየትኛው በር ገብቶ?» አለች እህቴ። «ድምፅ ይሰጥ! ይወገድ የምትሉ?»

እጇን አነሳች። ቁልፌ አላነሳም። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ለወር ያህል እሺ ያልኩ ሰው ነኝ፤ ያልነበረ ድንች መዝግቤአለሁ። «አምላኬ ሆይ» አልኩ በልቤ፣ «ሰላም ይሻላል ብዬ ነበር፤ የትኛው ሰላም እንደሆነ አልገለጽኩም» ብዬ እጄን አነሳሁ።

ሁለት ለአንድ። ውሳኔው የመጨረሻ ነበር።

እማማ ጭልፋ ከተገዛበት ዝቅ አድርገው ከፈሉ። ከቆርቆሮው ጋር ሲደመር ለመነጽሩ ጥቂት ጎደለ።

«ጉድለት ከተገኘ...» ብዬ ማንበብ ስጀምር ቁልፌ እጁን ወደ ውስጥ ኪሱ ሰደደ። ያወጣው ፖስታ ከነማኅተሙ ነበር፤ የሥልጠናው ውሎ አበል። እህቴ ፖስታውን አየች፣ ባሏን አየች፣ ወር ሙሉ የጠጣነውን ሾርባ ያሰበች ይመስለኛል።  አንዳንድ ዝምታ በመዝገብ አይሰፍርም፤ ብዕሬን ከወረቀቱ ላይ አነሳሁ።

መነጽር ሠሪው ሱቁን ሊዘጋ ሲል ደረስን።

ልጅቱ ስትመለስ ቤቱን እንደ እንግዳ ዞረችው። «እማዬ፣ ጣሪያችን ተሰንጥቋል! አጎቴ፣ ለካ ጢምህ ሸብቷል!» እያለች ኩሽና ገባች። እህቴ በተከፈተው ቁም ሳጥን ፊት ቆማ ድንች ትልጣለች። ልጅቱ ቀና አለች፤ ከምድጃው በላይ ያለውን የጉንዳን ሰልፍ፣ ወር ሙሉ ማንም ያላነበበውን፣ በአንድ ትንፋሽ አነበበችው፦

«‹ይህ ወረቀት በሥልጠናው ላይ መገኘታቸውን ብቻ የሚያረጋግጥ ሲሆን፣ ስለ ችሎታቸው ማስረጃ ሆኖ አያገለግልም።› አባዬ፣ ምን ማለት ነው?»

ቁልፌ የሚቀመጥበት አጣ። ወደ እኔ ቢያይ እኔ መዝገቡን ዘግቻለሁ። በመጨረሻ የቁልፍ ዘለላውን ከወገቡ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«እሺ፣ አሁን ምን ይደረግ?» አለ።

እህቴ ቢላዋና አንድ ሽንኩርት አቀበለችው። ያለ ፊርማ።

«ክተፍ» አለችው።

አጎንብሶ ከተፈ። ብዙም ሳይቆይ እንባው ጉንጩ ላይ ይወርድ ጀመር። በማግስቱ በጠየቀኝ መሠረት፣ ያለቀሰው በሽንኩርቱ ምክንያት መሆኑን በቃለ ጉባኤው የመጨረሻ ገጽ ላይ አስፍሬ በሦስት ፊርማ አጽድቀናል።