የአቶ አሰግድ ዝቅ ያለች ፊያት

መኪናውን ከሚስቱ አስበልጦ የሚንከባከብ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። አሰላ ግን ዕድለኛ ናትና መኪናውን መሬት ለመሬት የሚያስኬድ ደረሳት፤ ክቡር አቶ አሰግድ።

አቶ አሰግድ በ1964 ዓ.ም. ከአስመራ አጫጭር ሞላና ንዝረት የሚያበርድ ጠንካራ አሞርዛተር አስመጥተው ፊያታቸውን ዝቅ አደረጓት። ለምን ሲባሉ፣ "ዝቅ ያለ መኪና መንገድ ይጨብጣል!" ይላሉ። የአሰላ መንገድ ጭቃና ድንጋይ ስለሆነ፣ ጉድጓድ ባዩ ቁጥር ያቆሙና "እስቲ ለአፍታ ውረዱልኝ" ይላሉ። ጎረቤታቸው ጨርቅ ነጋዴው ሁሴኖ፣ በእሳቸው መኪና ተሳፍሮ ከሄደው መንገድ በእግሩ የሄደው እንደሚበልጥ ይምላል። አንዴማ ጠጠር አይተው ቆሙ፤ ወርደው በእጃቸው አንስተው ጣሉና ተመልሰው ገቡ።

ያም ሆኖ ሁሴኖ አባቷ የሞተባትን የወንድሙን ልጅ አይሻን ዴራ ከተማ ለሚኖር ሙሽራ ሲድር፣ መኪና ያዋሱት አቶ አሰግድ ብቻ ናቸው። በሁሴኖ ቤተሰብ ወግ ሙሽራ ከቤቷ ከተነሳች የሙሽራው ደጅ እስክትደርስ እግሯ መሬት አይነካም። ከነካ ዕድሜ ልኳን ይወራባታል።

ዴራ ገብተው ወደ ሙሽራው ሰፈር ሲታጠፉ የድንጋይ ጉብታ ገጠማቸው። አቶ አሰግድ አቆሙ።

"እስቲ ለአፍታ..."

"ያ ረቢ! እኔና ሚዜዎቹ እንወርዳለን፤ እሷን ግን ወላሂ አላወርድም!" አለ ሁሴኖ።

ወረዱ። መኪናዋ ትንሽ ከፍ አለች፤ አልበቃም። ከማዶ የሙሽራው ዘመዶች እልልታቸውን ጀምረዋል። አይሻ በሻሿ ስር ማልቀስ ያዘች።

አቶ አሰግድ ድንጋዩን አዩ። በመስታወቱ አይሻን አዩ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ነዳጁን ረገጡት። ከመኪናዋ ሆድ የወጣው ጩኸት እልልታውን ጸጥ አሰኘው። የጭስ ማውጫዋ ማርሚታ ተገንጥሎ መንገዱ ላይ ቀረ፤ ፊያቷ እያጓራች ደጁ ደረሰች፤ አይሻም እግሯ አፈር ሳይነካ ገባች።

ሁሴኖ ገና ያልበረደውን ማርሚታ በሰርግ ኮቱ ጠቅልሎ፣ ታቅፎት ከኋላ ደረሰ።

"አሁንስ የድሮውን ሞላ ይመልሱታል፣ አቶ አሰግድ?"

"ለምን ብዬ? ድንጋዩን እንዴት እንደጨበጠችው አላየህም?" አሉ። ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሯል።

ሞላው አልተመለሰም። ሁሴኖ ግን ከዚያ ወዲህ ጉድጓዱ ገና ከሩቅ ሲታይ፣ ሳይለመን በሩን ከፍቶ ይወርዳል። ሌላ ተሳፋሪ ካጉረመረመም "ውረድ እንጂ አንተ!" ብሎ የሚቆጣው እሱ ነው።