ጨጓራዬና ዘይነባ

ዝም ያለ ሰው ሁሉ ነገር የገባው ይመስላችኋል አይደል? እንዲያ ስለሚመስላችሁ እኔም ኮምቦልቻ ውስጥ ብልህ ሽማግሌ ተብዬ ኖሬያለሁ። ጠይቄ ባውቅ ይሻለኝ ነበር።

ጨጓራዬ ቆስሎ ደሴ ላይ መድኃኒት ታዘዘልኝ፤ በየማለዳው በባዶ ሆድ የሚዋጥ። አልሐምዱሊላህ፣ ቃጠሎው ጠፋ። ከዚያ ረመዳን ገባ። ማለዳ ክኒን ውጦ ጾም የለም፤ ሰዓቱ ይቀየርልኝ እንደሆነ ልጠይቅ ብል ደግሞ ወሬ ሊበዛብኝ ነው። መድኃኒቱን ተውኩት። ለባለቤቴ ለዘይነባም አልነገርኳት።

ብዙም ሳይቆይ ቃጠሎው ተመለሰ፤ ያውም ከድሮው ብሶ። መግሪብ ላይ ዘይነባ ሾርባ ስታቀርብልኝ አንዴ ፉት እልና ሳህኑን ገፋ አደርጋለሁ።

"አንቱ ሰውዬ፣ እጄን ጠሉት?"

"ኧረ።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

ዝም። እኔ ዝም ስል እሷ ድምጿን ከፍ ታደርጋለች፤ ትዳራችን እንዲህ ነው። የዚያን ዕለት ግን ድምጿ ዝቅ አለ። በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት። ያኔ "አሞኛል" አልኩ።

በማግስቱ የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ሽቅብ ወጥተን ደሴ ገባን። ሐኪሟ የልጅ ልጄ ብትሆን ነው።

"አባባ፣ መድኃኒቱን ለምን አቋረጡት?"

ነገርኳት።

"አያችሁ፣ ጨጓራ አሲድ ሲያንሰው 'ጨምሩ' እያለ የሚያዝ ሆርሞን አለ። መድኃኒቱ አሲዱን ሲገታው ሆርሞኑ ጩኸቱን ያበዛል። በድንገት ሲያቆሙት ታዲያ የሚገታው የለም፤ ጩኸቱ ግን አለ። አሲዱ ግልብጥ ብሎ ይመጣል።"

ዘይነባ ከወንበሯ ብድግ አለች። "ወላሂ፣ ይቺ ልጅ የምታወራው ስለ እኔ ነው! መልስ ሲያጣ ነዋ የሚጮኸው!"

ሐኪሟ ሳቀች። መድኃኒቱን እንደገና አስጀመረችኝ፤ ቁስሉ እስኪሽር እንዳልጾምም መከረችኝ። "ስንተወውም በአንዴ አይደለም፣ አባባ። ቀስ በቀስ ነው" አለችኝ።

ይኸው ዘይነባ ጾሟን ይዛ የእኔን ምሳ ትሠራለች። እየጾመች መቅመስ የለ፣ በግምት ነው። ትናንት ያቀረበችልኝን ሾርባ ጨው የሚባል ነገር አልነካውም። እኔ ደግሞ የሐኪሟን ምክር አስቤ፣ ዝምታዬንም ቀስ በቀስ ልተወው ብዬ በአንድ ቃል ጀመርኩ።

"ጣፈጠኝ" አልኳት።

ማማሰያዋን ጥላ መጣችና ግንባሬን ዳበሰችኝ።

"ደግሞ ምን ሆኑብኝ?"